ከአንዲት ቀለበት የሚጀመር ሙያ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የሀገራችን ሰው። የሸማን ሥራ ለሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ድሩ በቁመት ይዘረጋል፥ ማጉም በአግድም እየተወረወረ ያስተሳስረዋል። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ብቻውን ቀለበት እየሆነ፥ አንዱ ቀለበት ሌላውን እየያዘ ልብስ ይሆናል። የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት በጀመርንበት ዓመት ስለዚህ ሙያ በገዛ እጃችን ስሕተት የተማርነውን፥ እነሆ ለውድ አንባብያን ልንነግር ወደድን።

መምህርታችን ወደ መኪናው ከመቅረባችን በፊት ሁለት ረጃጅም መርፌዎችና አንድ ጥቅል የሱፍ ክር ሰጡን። እኛም «በመኪና ዘመን የእጅ ሥራ ምን ይረባል?» ብለን በልባችን አጉረመረምን። ነገር ግን መኪናው የሚሠራው ያንኑ እጅ የሚሠራውን ነው። በግብፅ ምድር ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በእጅ ከተሠሩት የጥጥ ሹራቦች ውስጥ ቍርጥራጮቻቸው እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ሊ የመጀመሪያውን የሹራብ መኪና የፈለሰፈው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1589 ዓ.ም. ነው። እርሱም ያደረገው፥ እጅ አንድ በአንድ የሚሠራውን ቀለበት ብዙ መርፌዎች እንዲሠሩት ነው።

የአሠራሩም መንገድ እንዲህ ነው። ቀለበቶቹ በግራው መርፌ ላይ ይሰደራሉ። የቀኙ መርፌ ጫፍ በፊተኛው ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ክሩ ይጠመጠምበታል፤ አዲሱ ቀለበት በአሮጌው ውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ አሮጌውም ከግራው መርፌ ይለቀቃል። ሹራብ ሲስቡት የሚለጠጠው፥ ሲለቁትም የሚሰበሰበው ክሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ተቀልብሶ ስለ ተያዘ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። አስቀድሞ ትንሽ ናሙና ተሠርቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ይቈጠራሉ። በእኛ ናሙና 20 ሆኑ፤ ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ልብስ 100 ቀለበት ሰደርን። ሥራውም ለእናታችን ነበር። እናታችን በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር በእንዝርት እየፈተሉ ያሳደጉን ናቸው፤ ለዚያ ብርድ የሚሆን ሹራብ ልንሠራላቸው ቃል ገብተን ነበር።

ለገና በዓል ወደ ቤት ስንሄድ የፊቱን ግማሽ ጨርሰን፥ 60 ረድፍ ያህል ይዘን በኩራት አቀረብንላቸው። እናታችን ግን ሥራውን በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው መረመሩት። ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ ዳሰሱና፥ «ልጄ፥ እዚህ ላይ እጅ ተጠንቅቋል፤ እዚህ ላይ ግን ተዘናግቷል። ፈትልም የሚበላሸው እንዲሁ ነው» አሉ። በክር ብንለካው እውነት ሆነ። ሥራውን ስንለምድ እጃችን ላልቶ፥ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የነበሩት 20 ቀለበቶች ወደ 18 ወርደው ነበር፤ የልብሱም ስፋት ከ55 ሳንቲ ሜትር በልጧል። ያመለጠች አንዲት ቀለበት በኪሮሽ መርፌ ተለቅማ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ የላላ ረድፍ ግን እንደዚያ የሚታረም አይደለም።

እናታችን ፊታችን መጥቆሩን አይተው፥ «ግድ የለም፤ ብርዱን እንደ ሆነ ይህም ይከለክልልኛል፤ ጨርሰህ አምጣልኝ» አሉን። ይህ ቃል ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። ጥቂት ካሰብንም በኋላ መርፌውን አውጥተን፥ የክሩን ጫፍ ይዘን ተረተርነው። የብዙ ሳምንት ድካም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ክር ሆነ።

ነገር ግን በዚያች ሰዓት አንድ ነገር አስተዋልን። ተሳስቶ የተቈረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ በስሕተት የተሠራ ሹራብ ግን ክሩን አንድ ክንድ ሳያጐድል ይመልሳል። የተጠማዘዘውንም ክር እናታችን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፥ ሳያሹ በገመድ ላይ ሰቀሉት፤ ሙቅ ውሃና መታሸት ሱፍን ያኰማትረዋልና። በማግስቱ ክሩ ቀጥ ብሎ አገኘነው።

ሹራቡ ያለቀው ለፋሲካ ነው። እናታችን የዚያን ዓመት ብርድ በአሮጌው ባና አሳለፉት፤ የእኛ መዘናጋት ዋጋው ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየ10 ረድፉ ሥራችንን ሳንለካ አናልፍም። ይህን ሙያ ለመጀመር ለሚያስቡ አንባብያንም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ስሕተት በ10ኛው ረድፍ ሲገኝ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፥ በ60ኛው ረድፍ ሲገኝ ግን ሌላ ሰው በብርድ ይከፍለዋል።