ከቧንቧው እስከ ጀሪካኑ፦ «ዓለም አቀፍ ጤናና አካባቢ» የሚባለው ትምህርት ምንድን ነው?

የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ወቅት በደረሰ ቁጥር ወጣቶች ቅጹን ይዘው ይመጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ያሳርፋሉ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የአካባቢ ጤና፣ ዓለም አቀፍ ጤና ይላል። ሐኪም ያደርጋል እንዴ?» አያደርግም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ ወዲያው ወደ ነርሲንግ ወይም ወደ ኮምፒውተር ዞር ይላሉ። ቤተሰብም ቢሆን «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ማለትን እንጂ «ልጄ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ጭስ ሊማር ነው» ማለትን አይወድም። አንድ ዕድል ብቻ ያለው ሰው ሳያውቀው እንዳያልፈው፣ ሳያውቀውም እንዳይገባበት ብለን ዛሬ ስለዚህ ትምህርት እንነጋገራለን። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ከኑሯችን የራቀ አይደለም። ሐኪም የታመመውን ሰው ተቀብሎ ያክማል። ይህን የተማረ ሰው ደግሞ «እነዚህን ሰዎች የሚያሳምማቸው ምንድን ነው? የሚጠጡት ምን ዓይነት ውሃ ነው? የሚተነፍሱትስ? ቤታቸው በቀትር ምን ያህል ይሞቃል?» ብሎ ይጠይቅና ሄዶ ይለካል። መለካት የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ትምህርቱ በሙሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ከውሃ እንጀምር። ካምፕ ውስጥ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪን ተጨምሮበታል። አንዳንዴ «መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል» እያልን የምናማርረው እሱን ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት ስፊር የሚባል መመሪያ አለ፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ይላል። ክሎሪኑም ቧንቧው ጋ ሲለካ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም እንዲገኝ ይጠይቃል። ተለካ፣ ተገኘ፣ ውሃው ንጹሕ ነው ተባለ። በቃ፣ አለቀ?

አላለቀም። በ2012 እና 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ማባን በሚባለው አካባቢ፣ ከሱዳኑ የብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉባቸው ካምፖች ሄፓታይተስ ኢ ገባ። ጉበትን የሚያጠቃ፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ፣ እኛ በደፈናው «የወፍ በሽታ» ከምንላቸው አንዱ ነው። በሰገራ በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጨክነው ደግሞ በነፍሰ ጡሮች ላይ ነው። ውሃው እኮ ክሎሪን ነበረበት። ታዲያ ምን ሆነ?

አጥኚዎች በ2013 ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የተቀዳውን ውሃ ተከትለው ሄዱ። ቧንቧው ጋ ለኩት፣ ዕቃው ከተሞላ በኋላ ለኩት፣ ቤት ሲደርስ ለኩት፣ ቤት ውስጥ ሰዓታት ከቆየ በኋላም እንደገና ለኩት። ክሎሪኑ በየደረጃው እየቀነሰ ይሄዳል። ክሎሪን ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ራሱ ያልቃል፤ ሙቀቱም ፀሐዩም ያባክኑታል። (እኔ ራሴ ለዓመታት ጀሪካን የማጥበው ሲሸተኝ ብቻ ነበር። ስንቶቻችን ነን እንዲህ?) ስለዚህ ቧንቧው ጋ «ደህና ነው» የተባለው ውሃ ማታ ልጅ ሲጠጣው መከላከያው አልቆበት ሊሆን ይችላል። የጥናቱ ምክር በእነዚያ ካምፖች ቧንቧው ላይ ያለው ክሎሪን በሊትር ወደ 1 ሚሊግራም ከፍ ይበል የሚል ነበር፤ ይህም ውሃው ከተቀዳ ከ10 ሰዓት በኋላ እንኳ ቢያንስ 0.2 እንዲቀርለት ነው። ከዚያ ሥራ ተነስቶ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የካናዳው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የየካምፑን ልኬት ተቀብሎ ለዚያ ካምፕ የሚስማማውን መጠን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርተዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የቧንቧው ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ ሰው ግን የሚጠጣው ከጀሪካን ነው። ይህ ትምህርት ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው የት ቆሞ መለካት እንደሚገባ ነው።

ስለ ጭስም እንዲሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ «ዓለም አቀፍ ጤናና አካባቢ» የተባለውን የትምህርት ፕሮግራም ያቋቋሙት ፕሮፌሰር ከርክ ስሚዝ ይባላሉ፤ በ2020 አርፈዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌላው ተመራማሪ የፋብሪካና የመኪና ጭስ ሲለካ፣ እሳቸው ሕንድ ገጠር ገብተው ምድጃ ሥር የተቀመጡ ሴቶች የሚተነፍሱትን ጭስ ለኩ። መለኪያውን ሴቶቹ ራሳቸው ላይ አንጠልጥለው ማለት ነው። ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፤ ከረጅም ጭስ ማውጫ የወጣ አንድ ግራም ጭስ አብዛኛው በአየር ይበተናል፤ ከኩሽና ምድጃ የወጣ አንድ ግራም ግን እናትና ያዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ የመግባት ዕድሉ እጅግ ይበልጣል።

እንጀራ ለምግብ ቤት እየጋገሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እህቶቻችን ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር አያስፈልጋቸውም። ዓይናቸው ያውቀዋል። ዝግ ቤት ውስጥ ቡና ስናፈላ «ከሰል መታኝ» ብሎ ራሱን ይዞ የወጣ ሰውም ያውቀዋል፤ የመታው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሲበዛ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል።

ታዲያ የተሻለ ምድጃ ማደል ነዋ! እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ጓቲማላ ውስጥ ከ500 በላይ ቤቶችን ወስደው በዕጣ ለግማሾቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሰጡ፤ የቀሩት ጥናቱ ሲያልቅ እንዲወስዱ ሆነ። ሕፃናቱ የሚደርስባቸው ጭስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሳንባ ምች ግን በግማሽ አልቀነሰም። ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው ቀነሰ ለማለት ውጤቱ አላስተማመነም፤ በግልጽ የቀነሰው ከባዱ ዓይነት ነው። ይህ በ2011 ታተመ። ከዚያ በኋላ ሩዋንዳን ጨምሮ በአራት አገሮች ለቤተሰቦች የጋዝ ምድጃ ተሰጥቶ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በ2024 የወጣው ውጤት ጋዙ የሕፃናትን ከባድ የሳንባ ምች በግልጽ እንዳልቀነሰ አሳየ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። የትምህርቱ ጠባይ እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ልብህ የወደደው መልስ በቁጥር ሲፈተን ሲወድቅ «ወድቋል» ብለህ መጻፍ አለብህ።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚጠብቃችሁ ምንድን ነው? ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አለ። የውሃና የአየር ብክለት፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ በወባና በኮሌራ ዓይነት በሽታዎች ላይ የዝናብና የሙቀት ተጽዕኖ አለ። ዋናው አጥንቱ ግን ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በማን ላይ፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እንደሚበዛ የሚያጠና) እና ስታቲስቲክስ ነው። በግልጽ ልንገራችሁ፤ «ሒሳብ ስለምጠላ ጤና ልግባ» ያለ ሰው እዚህ ይቸገራል። ሌላው ፈተና እንግሊዝኛው ነው።

ለአገራችን ሰው ይህ ሙያ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ምንጭ የሚያጎለብተው፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍረው፣ ሥጋ ቤት የሚቆጣጠረው ሰውዬ። ትልልቆቹን ጠይቋቸው፣ ያስታውሱታል። ዛሬ በዲግሪ ደረጃ የአካባቢ ጤና በምሥራቅ አፍሪካ በኡጋንዳው ማኬሬሬ፣ በኬንያ ደግሞ በኬንያታና በሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። «ዓለም አቀፍ ጤና» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በማስተርስ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ከ12ኛ ክፍል ተነስታችሁ የምትፈልጉት ስም «የአካባቢ ጤና» ወይም «የሕብረተሰብ ጤና» ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ዲግሪው ሥራ ያስገኛል ወይ? ውሃና ንጽሕና፣ ክትባት፣ የበሽታ ቅኝት፣ የዳሰሳ ጥናት መረጃ መሰብሰብ፣ እነዚህ ካምፕ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያሉ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ኬንያ ውስጥ የሕብረተሰብ ጤና ኦፊሰር ተብሎ ለመሥራት በሕግ መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ስደተኛ ሲሆኑ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ይጨመራል። ፈቃዱ ከሌለ ዲግሪ ተይዞም በ«ኢንሴንቲቭ» ክፍያ መቀጠል አለ፤ አጠገባችሁ ያንኑ ሥራ የሚሠራው የአገሬው ተወላጅ ሙሉ ደመወዝ ሲከፈለው። ይህ የሚያናድድ ነው፣ ልክም አይደለም፤ ግን ሳታውቁት አትግቡ። የምዝገባውን ነገር ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ። ይህ የትምህርት ክፍል በሙያ ምክር ቤቱ የታወቀ ነው ወይ? እኔ ስደተኛ ነኝ፣ ስጨርስ መመዝገብ እችላለሁ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ብትቀበሉ ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ በጣም የታወቀው ከ1992 ጀምሮ ያለውና በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጠው ዳፊ ነው፤ በተጠለላችሁበት አገር ለመማር የትምህርት ክፍያን ብቻ ሳይሆን ለምግብ፣ ለመጠለያና ለትራንስፖርትም ይረዳል። ቦታው ከአመልካቹ ቁጥር ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ዩኤንኤችሲአር በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከፍተኛ ትምህርት የደረሱ ስደተኞች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ታቅዷል። ቅጹን መሙላት በነጻ ነው። «ስምህን አስገባልሃለሁ፣ ትንሽ ነገር ብቻ» የሚላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ ከአገር ቤት ከሆነ በምታመለክቱበት አገር እኩያነቱ መረጋገጥ አለበት፤ ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ።

በመጨረሻ፣ ቅጹ ላይ «ይህን የትምህርት ዘርፍ ለምን መረጡ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብዛኛው ሰው «ወገኔን ለመርዳት» ብሎ ይጽፋል፤ መራጩ በዚያ ቀን ይህንኑ ስንት ጊዜ እንዳነበበ አስቡት። በምትኩ አንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። ቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ገባ? ለስንት ሰው ተካፈለ? ወረፋው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነበር? ጀሪካኑ መቼ ታጠበ? በዚያ ሳምንት ከጎረቤት ልጆች ስንቱን ተቅማጥ ያዘው? ያንን ጻፉላቸው፣ ከነቁጥሩ።