ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ሕመሙ ግን አለ
ስለ ሥር የሰደደ የሆድ ሕመም ተረትና እውነታ

በጎንደር ከተማም ሆነ ከዳባት እስከ ጃናሞራ ባለው ደጋ፣ ሆዱን ለወራት ያመመው ሰው የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አብሽ ይበጠበጥለታል፤ ካልተሻለው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛል፤ ከዚያ ክሊኒክ ገብቶ ሰገራና ደም ይሰጣል። አንዱ ዘንድ ጨጓራ፣ ሌላው ዘንድ አሜባ፣ ሦስተኛው ዘንድ ታይፎይድ ነው ይባላል። በመጨረሻ አልትራሳውንድና ኢንዶስኮፒ ተነሥቶ «ምንም የለብህም» ሲሉት ደስ ሊለው ሲገባ ይከፋዋል፤ ሕመሙ አልቆመምና። የዚህ ሁሉ መንከራተት መነሻ አንድ እምነት ነው፤ ሕመም ካለ የሚታይ ቁስል፣ ትል ወይም ተህዋስ መኖር አለበት የሚል። በዚህ እምነት የተነሳ አንዳንዱ በሽተኛ የሌለበት በሽታ ስም ይለጠፍበታል፤ ሌላው ደግሞ ያለበትን ሕመም የለም ይባላል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው፤ ሁለቱንም ማረም ይቻላል።

ተረት፦ የላይኛው ሆድ ካመመ ጨጓራ ነው፤ የሚያቆስለውም በርበሬ ነው

የጨጓራ ቁስል እርግጥ አለ። ዋና መንስኤዎቹ ግን ሁለት ናቸው፦ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። የባክቴሪያውን ድርሻ ያረጋገጡት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። በርበሬ የታመመን ሆድ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስል ግን አይፈጥርም። ወጡን አልጫ አስደርጎ ለወገቡ ሕመም በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው፣ የማያቆስለውን ሸሽቶ የሚያቆስለውን ይዟል ማለት ነው።

«እሺ፣ ባክቴሪያው ተገኝቶብኛል፤ ሕመሜ ከእሱ ነዋ!» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ በላይኛው ሆድ ሕመም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመጡት ሰዎች ከ100ው ከ85 በላይ የሚሆኑት በደም ምርመራ የባክቴሪያው ምልክት ታይቶባቸዋል። ነገር ግን በአገራችን ጤነኛ የሆነውም ብዙ ሰው ባክቴሪያውን ተሸክሞት ይኖራል፤ ከተሸካሚዎቹም አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው ቁስል አይወጣባቸውም። የደም ምርመራው ደግሞ ድሮ ተይዞ የዳነውን አሁን ካለበት አይለይም፤ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ይሻላል። ባክቴሪያው ካለ በአግባቡ መታከም ጥሩ ነው። ቁስል የሌለው ሰው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፦ የባክቴሪያው ሕክምና ሕመሙን የሚያስታግስለት ከ14 ታካሚዎች ለአንዱ ያህል ነው። ካልተሻለው መድኃኒቱ ሐሰተኛ ወይም ባክቴሪያው የማይሞት ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ከመነሻው የሕመሙ ምንጭ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ ወረቀቱ ታይፎይድ ወይም አሜባ ካለ፣ በቃ እሱ ነው

በየክሊኒኩ «ታይፎይድ» የሚያሰኘው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን ምርመራ ከደም ካልቸር ጋር አነጻጽሮታል። ትኩሳት ከነበራቸው 270 ታካሚዎች ዊዳል 88ቱን «ታይፎይድ» ሲል፣ በካልቸር የታይፎይድ ወይም የፓራታይፎይድ ተህዋስ የተገኘባቸው 11 ብቻ ነበሩ። ትኩሳት ባለበት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ትኩሳት ሳይኖረው ለወራት ሆዱን ለሚቆርጠው ሰው ውጤቱ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል አንባቢው ይፍረድ። የአሜባም ነገር ይመሳሰላል፤ በሽታ አምጪው አሜባ በተራ ማይክሮስኮፕ ምንም ከማይጎዳው ዘመዱ አይለይም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ሲፕሮና ሜትሮኒዳዞል የሚውጡ ብዙ ሰዎች ያልነበረባቸውን በሽታ እየታከሙ ነው። ትርፋቸው የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ ተቅማጥ፣ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ ደግሞ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

ኮሶም በዚሁ ይታያል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል እውነተኛ ችግር ነው፤ የስሜኑ ደጋ የኮሶ ዛፍም ለአያቶቻችን በጊዜው ጠቅሟል። ነገር ግን የኮሶ ትል ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ቁርጥራጩ ከሰገራ ጋር ሲወጣ እንጂ በከባድ የሆድ ሕመም አይደለም። ትሉም ቢኖር ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በተለካ መጠን ያስወግደዋል። መጠኑ ያልተለካ ኮሶ ግን የታመመን አንጀት ይበልጥ ያውከዋል።

ተረት፦ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ሕመሙ የጭንቅላት ነው

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። አንጀት ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ከአንጎል ጋርም ሌት ተቀን መልእክት ይለዋወጣል። ይህ የመልእክት መንገድ ሲቆጣ፣ ጤነኛ ሰው የማይሰማው ጋዝና የአንጀት እንቅስቃሴ እንደ ቁርጠት ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዝ አገር ሪቺ የተባለ ሐኪም፣ አይቢኤስ በሚባለው የአንጀት መቆጣት ሕመም በሚሠቃዩና በሌሎች ሰዎች ትልቅ አንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ ነፋ። 60 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ከሌሎቹ ሰዎች 6 በመቶዎቹ ብቻ ሲያማቸው፣ ከሕመምተኞቹ 55 በመቶዎቹን አመማቸው። አየሩ እኩል ነው፤ የተለየው የነርቩ ስሜት ነው። ካሜራ ደግሞ ቁስልን እንጂ የነርቭን ቁጣ አያሳይም።

ነርቩ ለምን ይቆጣል? አንዱ መንገድ በአካባቢያችን በጣም የተለመደው የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ ከተያዙት ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል ተህዋሱ ከጠፋም በኋላ ሕመሙ ይቀጥልበታል። ሌባው ከሄደ በኋላ ጩኸቱን እንዳላቆመ ውሻ ነው፤ ውሻው አልዋሸም፣ ሌባ ግን የለም። ሌላው መንገድ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት፣ ጭና ድረስ ደርሶ ሕዝብ ባለቀበትና ብዙዎች በተፈናቀሉበት አካባቢ፣ ይህን ሳይጠይቁ የሆድ ሕመምን መመርመር ጎደሎ ምርመራ ነው። «ጭንቀት አለው ማለት እብድ ማለት ነው» ብሎ የሚቃወም ይኖራል። አይደለም። ደንግጦ ተቅማጥ የያዘው ሰው ተቅማጡ የውሸት እንዳልሆነ ሁሉ፣ በጭንቀት የሚባባስ ሕመምም እውነተኛ የአካል ሕመም ነው። ሕመምተኛውም ብቸኛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ33 አገሮች ጥናት እንዲህ ያለ ቁስል የሌለው የአንጀት ወይም የጨጓራ መታወክ በኢንተርኔት ከተጠየቁት ሰዎች በ40 በመቶው፣ ቤት ለቤት ከተጠየቁት ደግሞ በ20 በመቶው ያህል ላይ አግኝቷል።

ተረት፦ ያልተገኘው መሣሪያ ስለሌለ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሄድ ይገኝ ነበር

ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ስለዚህ በቁም ነገር መመለስ አለበት። የሚያመልጡ በሽታዎች አሉ። ለጉልበት ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ ጎኑ ክብደት ከተሰማው ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ጣና ዳር ውሃ የሚገባ ሰው ቢልሃርዝያ ሊይዘው ይችላል፤ የሌሊት ላብና የሆድ እብጠት የአንጀት ቲቢን ያስጠረጥራል፤ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ሕመም የማህፀን ሐኪም ይፈልጋል። ሆድ በድንገት ተነፍቶ ሰገራም ጋዝም እምቢ ካለ፣ በአገራችን ደጋ የተለመደው የአንጀት መታጠፍ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። ያለምክንያት መክሳት፣ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማነስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ሕመም፦ እነዚህ አንዳቸውም ካሉ ፍለጋው ይቀጥላል።

እነዚህ ከሌሉና አንድ ጊዜ በደንብ ከተመረመረ ግን፣ ያንኑ ምርመራ በአምስት ቦታ መድገም በሬ ያስሸጣል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ብዙ በተመረመረ ቁጥር ደግሞ ሕመሙን የማይመለከት ትንሽ ግኝት መውጣቱ አይቀርም፤ ያም አዲስ ስም፣ አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ፍርሃት ይሆናል።

ተረት፦ ስም ያልተገኘለት ሕመም መድኃኒት የለውም

አለው፤ የሚታከመው ግን የተቆጣው ነርቭና የዕለት ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና በእንግሊዝ በ463 የአይቢኤስ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን ከስድስት ወር በኋላ ሕመሙን ከማስመሰያ ክኒን በተሻለ እንደሚያስታግስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ርካሽና በአገራችን የሚታወቅ ነው፤ ለድባቴ በሚሰጥበት መጠን ሳይሆን እጅግ ባነሰ መጠን፣ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ሕመሙ ከምን ጋር እንደሚመላለስ መመዝገብ፣ በሰዓቱ መብላት፣ ወተት ወይም ባቄላ የሚነፋውን ሰው እሱን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ በዝግታ ከሆድ መተንፈስ፣ ጭንቀት ላለበት የንግግር ሕክምና፤ ሁሉም ይረዳሉ። የእናቶቻችን ተልባ በቀን አንድ ማንኪያ፣ ከበቂ ውሃ ጋር፣ ለሆድ መንፋትና ድርቀት ይመከራል።

«እንግዲያ ጠበሉን እንተወው ወይ?» ለሚል፣ ማንም እንዲተው አይጠየቅም። ጸሎትና የወገን አጀብ የተጨነቀን ልብ ያሳርፋል፤ ያረፈ ልብም ለአንጀት ይጠቅመዋል። የሚጎዳው ለጠበል ሲባል መድኃኒት ማቋረጥና አደገኛ ምልክት እያለ መዘግየት ነው። ጾምም ሕመሙን የሚያብስበት ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታስባለች።

በተግባር እንዲህ ይደረግ፦ የምርመራ ወረቀቶች በአንድ ማኅደር ይያዙ፤ አንድ ሐኪም ይመረጥና እሱ ዘንድ በቀጠሮ ይመላለሱ፤ «ስሙ ምንድን ነው?» ከሚለው ጎን «አደገኛው ነገር ተጣርቷል ወይ? ሕመሙንስ እንዴት እናብርደው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሐኪሙም «ምንም የለብህም» በሚለው ፋንታ «ቁስል የለብህም፤ ሕመምህ ግን እውነት ነው፤ እናክመዋለን» ይበል። ቤተሰብም የታመመውን ሰው ሰበብ ፈላጊ ማለቱን ይተው። ሕመምተኛው የታመነ ዕለት በየክሊኒኩ ማስረጃ ሲያሳድድ የሚያባክነውን ገንዘብና ጉልበት ለመዳን ያውለዋል።