ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ከደሴት ወደ ባሕረ ገብ መሬት

«ሐይቅ» የሚለው ቃል በአማርኛ በየብስ የተከበበ ሰፊ ውኃ ማለት ሲሆን፣ በግዕዝ ግን የባሕርን ዳርቻም ያመለክታል። ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአምባሰል ተራሮች በስተደቡብ ለሚገኘው ሐይቅ ሁለቱም ፍች ይስማማዋል፤ የታሪኩ ዋነኛ ምስክር ዳርቻው ነውና።

የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ እስከ 80 ሜትር ይደርሳል። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርድ ውኃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። በመሆኑም ዝናቡ ሲበዛ ዳርቻው ይሰፋል፤ ትነቱ ሲያይል ደግሞ ይሸሻል።

ይህ ለውጥ በእስጢፋኖስ ገዳም ጎልቶ ይታያል። በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ስፍራ ታላቅ የትምህርት ማእከል አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደዚያ በደረሰ ጊዜም ውኃውን ለመሻገር መሻገሪያ መሥራት ግድ እንደ ሆነበት «ፍቱሕ አል ሐበሻ» ይተርካል።

ዛሬ ግን ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው ታንኳ አያስፈልገውም። የውኃው ከፍታ ዝቅ በማለቱ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያይዛ ባሕረ ገብ መሬት ሆናለች። ሴቶች ወደ ገዳሙ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሥርዓት አሁንም የጸና ቢሆንም፣ ቀድሞ በውኃ ይታጠር የነበረው ስፍራ ዛሬ የሚጠበቅ በሥርዓቱ ብቻ ነው።

መውጫ የሌለው ውኃ የገባበትን ሁሉ ይዞ እንደሚቀር መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ዓሣው ለዳርቻው ነዋሪዎች ምግብና ገቢ ቢያስገኝም፣ አልጌን የሚመገቡ ደቃቅ ፍጥረታትን ስለ በላ አልጌው በዝቶ፣ ቀድሞ እጅግ ጥሩ የነበረው ውኃ ደፈረሰ። ከተራቆቱ ተዳፋቶች የሚታጠበው አፈርም የሚያርፈው በዚሁ ሐይቅ ነው።

እንግዲህ ዳርቻውን መጠበቅ የሚጀምረው ከተራራው ነው። የአካባቢው መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ስፍራው ወስደው የውኃውን ወሰን በየዓመቱ ቢያስለኩ፣ ጂኦግራፊንና ታሪክን በአንድነት ከማስተማራቸውም በላይ ለመጪው ትውልድ የሚጠቅም መዝገብ ያቆያሉ።