ኢንተርቪውን ወደ ሌላ አገር ማዛወር፦ የሚወራውና እውነቱ

«አዲስ አበባ ወረፋው አያልቅም፤ ናይሮቢ አዛውሪው፣ ቶሎ ይጠሩሻል።» ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ የአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ ፕሮሰስ የጀመረ ቤተሰብ ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ ችግሩ የሚያወራው ድሮ ስለሠራለት ነገር መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ወዲህ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሠራሩን አጥብቋል። አመልካች የሚጠየቀው በሚኖርበት አገር ነው፤ ከፈለገ ደግሞ በዜግነቱ አገር። ከዚህ የሚወጣው በዋናነት እንደ ድንገተኛ ሕመም ያለ ከባድ ችግር የገጠመው ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ስለዚህ ሪያድ የምትሠራና ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያላለፈባት እህት ኬዟ ወደዚያው እንዲዞር ብትጠይቅ የምታሳየው ወረቀት አላት። በቱሪስት ቪዛ ናይሮቢ ገብቶ የሆቴል ደረሰኝ የያዘ ሰው ግን ነዋሪ ነኝ ብሎ ማሳመን አይችልም። ዱባይ ላላችሁ ደግሞ፦ እዚያ የአሜሪካ ቆንስላ ቢኖርም የኢሚግራንት ቪዛ የሚታየው አቡ ዳቢ ባለው ኤምባሲ ነው።

«ፎርሙ ላይ አድራሻዬን ከቀየርኩ ኬዙ ራሱ ይከተለኛል» የሚሉም አሉ። አይከተልም። ዲኤስ 260 የሚባለው ፎርም አንዴ ከተላከ ይቆለፋል፤ ለማስተካከል እንዲከፈት ማስጠየቅ ያስፈልጋል። የዝውውሩ ጥያቄ ደግሞ ኒው ሃምፕሸር ለሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ሰው ሁሉ ኤንቪሲ ለሚለው መሥሪያ ቤት፣ ለብቻው ይቀርባል። ቀጠሮ ከተያዘ በኋላም ቢሆን በሩ ያው ነው፤ ኤምባሲውን በቀጥታ መለመን ዋጋ የለውም። ኤንቪሲ ለዝውውር ብሎ የሚያስከፍለው ገንዘብ ስለሌለ «የማዛወሪያ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ለኪሱ ነው። በቤተሰብ ለሚሄድ ሰው የተከፈለው 325 ዶላርም ቦታ ስለተቀየረ እንደገና አይከፈልም።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እንደ ወንድምና እህት ባሉ ዓመታት በሚያስጠብቁ ምድቦች ተራው የሚቆጠረው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው፤ የአገር ኮታውም በመርህ ደረጃ የሚታየው በትውልድ አገር ነው። ጎንደር የተወለደ ሰው ኩዌት ቢጠየቅም ጎንደር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንዲቆም ሲወሰንም ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች፤ መለኪያው ፓስፖርት እንጂ ኢንተርቪው የሚደረግበት ከተማ አልነበረም። ቦታ መቀየር የሚነካው አንድ ወረፋ ብቻ ነው፦ ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ተራው ደርሶ የኤምባሲ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው የቆመበትን። እዚያ የሚተርፈው ጊዜም ቢሆን ዝውውሩ በሚፈጀው ጊዜ ሊበላ ይችላል።

ዲቪ የደረሰው ሰው ይህን በደንብ ያስብበት። የእሱ ፋይል ያለው ኤንቪሲ ሳይሆን ኬንታኪ ባለው የቆንስላ ማዕከል ነው፤ የአሜሪካ የበጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ዝውውር ላይ ነበርኩ ብሎ ነገር የለም።

ሰው ልብ የማይለው ሌላው ጉዳይ ሜዲካል ነው። ምርመራው የሚሠራው ኢንተርቪው በሚደረግበት አገር ኤምባሲው በመረጠው ሐኪም ዘንድ ነው። አዲስ አበባ አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ሄዶ ራጁንና ክትባቱን የጨረሰ ሰው ኬዙ ሪያድ ከዞረ እዚያ እንደ አዲስ መጀመሩ አይቀርም። ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በላይ ስለማያገለግል፣ አዲሱ ቦታ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ለሜዲካል ገንዘብ ባታወጡ ይሻላል። ከፖሊስ የሚወጣውን ከወንጀል ነጻ ማስረጃም እንዲሁ እዩት፦ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው አሁን በሚኖርበት አገር ከ6 ወር በላይ ከቆየ ከዚያ አገር ማምጣት አለበት፤ ቀደም ብሎ ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረበት አገርም ይጠየቃል። ቤይሩት ኖራ ወደ ሪያድ የተሻገረች እህት የቤይሩቱን ማስረጃ ማፈላለግ የሚኖርባት ኬዙን ለማዛወር ስትነሳ እንጂ ቀጠሮ ከያዘች በኋላ አይደለም።