ካሜራ የማያየው የፈታይ ጣት

ሮቦት የሰውን እጅ በቪዲዮ እያየ ማናቸውንም ሙያ በጥቂት ቀን ይማራል የሚለው ወሬ ተምረናል በሚሉ ሰዎች አንደበት ሳይቀር ሲደጋገም መስማት ያሳዝናል። አዲስ አበባ ያለው የቴክኖሎጂ ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች በሥራዋ የተሳተፉባት ሮቦቷ ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አገራችንን ስትጎበኝ እንኳ የተደነቀው ንግግሯና የፊቷ ገጽታ እንጂ የእጇ ጥበብ አልነበረም።

የመገጣጠሚያዎችን እንቅስቃሴ ከሥዕል ወደ ቁጥር መለወጥ ዛሬ የታወቀ ነገር ስለሆነ አልዘገይበትም። ነገር ግን ሩሲያዊው የእንቅስቃሴ ተመራማሪ ኒኮላይ በርንሽታይን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሞስኮ የመዶሻ መቺዎችን ክንድ መርምሮ፣ የመዶሻው ጫፍ ጎዳና ሲጸና የትከሻና የክርን መንገድ ግን በየምቱ እንደሚለያይ ማሳየቱ፣ ሙያ ማለት አንድን እንቅስቃሴ መድገም እንዳልሆነ አስረድቷል።

ምሥጢሩ ግን ከዚህም ይጠልቃል። በመካነ ሰላም፣ በቦረና ደጋ፣ አንዲት እናት እንዝርቷን አሹራ አመልማሎውን ስትስብ ጣቶቿን ቀርቦ ያየ ሰው፣ እንቅስቃሴያቸው እጅግ ጥቂት መሆኑን ያስተውላል፤ አጥብቃ ብትይዘው ክሩ ይበጠሳል፣ ብታላላው ይጓጉላል፤ ልኩን የሚነግራት ዓይኗ ሳይሆን ቆዳዋ ነው። በአንድ እጅ ውስጠኛ ገጽ ብቻ ወደ 17,000 የሚጠጉ የንክኪ ሕዋሳት አሉ። ስዊድናውያኑ ዮሐንሰንና ዌስትሊንግ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በሐር፣ በለስላሳ ቆዳና በብርጭቆ ወረቀት የተለበጠ ዕቃ ሲያነሡ የሚያዳልጠውን አጥብቀው፣ የሚሻክረውን አላልተው እንደሚይዙ፣ ዕቃው መንሸራተት ሲጀምርም ጭብጣቸው ከሰከንድ ዐሥረኛ ባነሰ ጊዜ፣ ልቡናቸው ሳያውቀው እንደሚጠብቅ፣ ጣታቸው በመድኃኒት ሲደነዝዝ ግን ይህ ማስተካከል እንደሚታጣ ገልጸዋል። እነዚያ ሰዎች መንሸራተትን ይከላከላሉ፤ ፈታይዋ ግን በልክ ትፈቅድለታለች፤ ይህንንም የፈቃድ ልክ ካሜራ አይመዘግበውም።

እርግጥ፣ ኦፕንኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሮቦት እጅ፣ የሰው ምሳሌ ሳይሰጠው በኮምፒውተር ውስጥ በተፈጠረ ዓለም ተለማምዶ፣ ያለ ንክኪ ስሜት፣ ባለ ስድስት ገጽ ዕቃ አገላብጧል፤ ስለዚህ ንክኪ ለሥራ ሁሉ ግድ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሰውን መምሰልም ብቸኛው መንገድ አይደለም። ነገር ግን ያ ዕቃ ጠንካራ ነበር፤ ጥጥ ግን በተሳበ ቁጥር ቅርጹን ይለውጣል።

የእጅን ሙያ ለመሣሪያ ለማስተማር የተነሣችሁ ወጣት መሐንዲሶች ሆይ፣ የፈታይዋን ጣቶች በመለኪያ ጓንት አትሸፍኑ፣ የምትሹትን ስሜት ራሱን ታደነዝዛላችሁና፤ ይልቁንስ ከቪዲዮው ጋር የክሩን ውጥረት ለኩ።