«በቀለ» እና «ቢቂላ»፤ የአንድ ስም ሥርና የዛሬ ስርጭቱ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በወረቀት ተጽፎ ነው ወይስ በሰው አፍ ተይዞ? ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ያሳሰበኝ ባለፈው ዓመት የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከአባቴ ጋራ በሄድሁ ጊዜ ነው።

በአባቴ ማስረጃዎች ሁሉ የአያቴ ስም «በቀለ» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ አብሮ ይዞት በመጣው በአያቴ የመሬት ደብተር ላይ ግን «ቢቂላ» ይላል። ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ካየች በኋላ፣ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ ሰው?» ብላ ጠየቀች። አባቴም፣ «ሰውየው አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው» ሲል መለሰላት።

ሰውየው አንድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ስሙ ግን በእርግጥ አንድ ነውን? ይህን ለመረዳት መምህራንን ጠየቅሁ፤ መዝገበ ቃላት አገላበጥሁ፤ ሴት አያቴንም፣ እኛ «አኮ» የምንላትን፣ አስቀምጬ አናገርኋት። ያገኘሁትንም ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማካፈል ወደድሁ።

፩. የስሙ ሥር

በአማርኛ «በቀለ» ማለት የተዘራው ዘር አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ አለ ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞም መብቀል «ቢቂሉ»፣ ተክል ደግሞ «ቢቂልቱ» ይባላል። በግዕዝ «በቈለ» ሲል ያው መብቀልን ይናገራል። ባሕር ተሻግረን ዐረብኛን ብንመለከት እንኳ «በቅል» የሚለው ቃል ቅጠላ ቅጠልን ያመለክታል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ገብሱን ዘፍዝፈው፣ አጎንቁለው የሚያደርቁት «ብቅል» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ሥሩ ብ፣ ቅ፣ ል ሲሆን ቅርንጫፎቹ በብዙ ቋንቋ ተዘርግተዋል።

ከጓደኞቼ አንዱ «በቀለ» ከ«ቂም በቀል» የመጣ መስሎት ነበር። ይህ ስሕተት ነው። በግዕዝ የመብቀሉ ቃል በ«ቈ» ሲጻፍ የመበቀሉ ቃል የሚጻፈው በ«ቀ» ነው። አማርኛ በዚህ ቃል «ቈ»ን ትቶ «ቀ»ን ስለ ያዘ ሁለቱ በመልክ ተመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ በቀለ የተባለ ሁሉ ልቡን ይጣል፤ ስሙ የቡቃያ እንጂ የቂም አይደለም።

በአማርኛ ብዙ የወንድ ስሞች ያለቀላቸው ግሦች ናቸው። አበበ፣ ከበደ፣ ታደሰ፣ ደረጀ፣ ተሾመ ስንል እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በቀለም ከእነዚሁ ወገን ነው። ለሴት ሲሆን «ች» ይጨመርና በቀለች ይሆናል፤ አበበችና ታደለች እንደሚባለው ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ወንዱ ቢቂላ፣ ጫላ፣ ኢፋ ሲባል ሴቷ ቢቂልቱ፣ ጫልቱ፣ ኢፍቱ ትባላለች። በአንዱ ቋንቋ «ች» የሚሠራውን በሌላው «ቱ» ይሠራዋል።

በትርጉም መንታ የሆኑ ስሞች በሁለቱ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ደስታና ገመቹ፣ ተስፋና አብዲ፣ ብርሃንና ኢፋ እያልን ልንቆጥር እንችላለን። እነዚህ ግን በትርጉም እንጂ በድምፅ አይገናኙም። በቀለና ቢቂላ በትርጉምም በድምፅም መንታ መሆናቸው ነው ለብቻቸው እንድመለከታቸው ያደረገኝ።

ይህ ስም ለልጅ የሚወጣበት ምክንያት ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ዘርቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው፣ አንድ ማለዳ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሲያገኘው በአፉ የሚመጣለት ቃል «በቀለ!» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ልጅ የሞተባት እናትም አዲስ ሕፃን ስትታቀፍ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ታገኛለች? አንዷ ምትኩ፣ ሌላዋ ካሣ፣ ሌላዋ ማስረሻ ስትል አንዷ ደግሞ በቀለ ትላለች።

፪. የአባት ስምና የቤተ ዘመድ ስም

በአውሮፓ ሰው የሚጠራው በቤተ ዘመድ ስም ነው። በጀርመን አገር ከሁሉ የበዛው የቤተ ዘመድ ስም «ሙለር» ሲሆን ትርጉሙ ባለወፍጮ ማለት ነው። በደቡቡ በባየርን አውራጃና በኦስትሪያ ደግሞ «ሁበር» የሚል ስም ይበዛል፤ ይኸውም «ሁበ» የሚባል ሙሉ የእርሻ ይዞታ የነበረው ገበሬ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች በመካከለኛው ዘመን ከያዙ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጡ ወረዱ። ዛሬ ሙለር የሚባለው ሰው ወፍጮ አይቶ ባያውቅም ሙለር ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ስም የሚቆጥር ሰው የጥንት አያቶች በየትኛው አውራጃ እንደ ኖሩና ምን ሥራ እንደ ነበራቸው ለማወቅ ይችላል።

በእኛ አገር ልማዱ ሌላ ነው። ልጅ የራሱን ስም ይይዛል፤ ከዚያ የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ይከተላል። ሴት ባል ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። ልጅ በተወለደ ቁጥር ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከኋላው አንድ ይወድቃል። የእኔ አያት ስም በእኔ ወረቀት ላይ ሦስተኛ ነው። ልጅ በወለድሁ ጊዜ ግን በልጄ ወረቀት ላይ የልጄ፣ የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ይጻፋል፤ አያቴ ከወረቀቱ ይወጣል ማለት ነው።

መንግሥት ይህን ልማድ በሕግ ለመለወጥ ሞክሮ እንደ ነበር ብዙ ሰው አያውቅም። የፈረንሳዩ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ በቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ደነገገ። በመንግሥት ጽሑፎችም የቤተ ዘመዱ ስም እንዲቀድም አዘዘ። ሕጉ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። ቱርኮች በ1926 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሕግ ሲያወጡ ሕዝቡ በየቤቱ የቤተ ዘመድ ስም መርጦ እስከ ዛሬ ይዞታል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በመጽሐፍ ላይ ቀረ፤ ሰው በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።

የሚያስገርመው የቀኑ አጋጣሚ ነው። ሕጉ ሥራ ከመጀመሩ በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በማግስቱ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ «ቢቂላ» ማለት ጀመሩ። የቤተ ዘመድ ስም የሌለውን ሰው የአባቱን ስም ወስደው የቤተ ዘመድ ስም አደረጉለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝም እንደዚሁ ሆነ። አባቱም፣ ልጁ በሮጠ ቁጥር በዓለም ፊት ሲጠራ ኖረ። ደግሞም ስሙን ልብ በሉት፤ «አበበ» አማርኛ ነው፤ «ቢቂላ» አፋን ኦሮሞ ነው። አባት በቀለ፤ ልጅ አበበ። ሁለት ቋንቋ በአንድ ሰው ስም ውስጥ አንድ ተክል አሳደጉ።

ከእኛ ከመልካሳ ተነሥቶ በዴራ፣ በኢተያና በአሰላ አድርጎ ወደ በቆጂ የሚሄደው መንገድም የዚሁ ስም ባለዕዳ ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ የወሰደው ቀነኒሳ በቀለ የበቆጂ ልጅ ነው። ታሪኩ በቀለ ወንድሙ ስለ ሆነ ሁለቱን «በቀለ» ብሎ በአንድ ቤት ማስቀመጥ ያስኬዳል። ነገር ግን ብዙነሽ በቀለና ዓለሚቱ በቀለ የተባሉ ሯጮችም አሉ። የውድድር ውጤት የሚያነብ የውጭ አገር ሰው አራቱን የአንድ ቤት ልጆች ቢያደርጋቸው አይፈረድበትም፤ በእኛ ልማድ ግን የስሙ መመሳሰል የአባቶቻቸውን ስም መመሳሰል እንጂ ሌላ ነገር አያስረዳም።

፫. ስሙ ዛሬ የት ይገኛል?

ከዚህ በኋላ የክፍላችን ኃላፊ መምህር ፈቅደውልኝ የክፍላችንን የስም መጥሪያ በሦስት ተራ ከፍዬ ተመለከትሁ። አንደኛው የተማሪው፣ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ስም ነው። በቀለ ወይም ቢቂላ የሚባል ተማሪ አንድም የለም። በአባት ተራ ጥቂት አለ። በአያት ተራ ግን ሁለቱም ስሞች በዝተው ተገኙ። የአንድ ክፍል መጥሪያ የአገር ቆጠራ ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያየሁት ነገር ትርጉም ያለው መሰለኝ።

ሦስቱ ተራዎች እንደ አፈር ንብርብር ናቸው። ከታች፣ በአያቶች ተራ፣ ከእርሻና ከቤተ ክርስቲያን የተገኙ ስሞች ይበዛሉ፤ በቀለ፣ ቢቂላ፣ ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም የመሳሰሉት ናቸው። ከድርና አህመድ የሚሉትም በሦስቱም ተራ ይገኛሉ። በዚያው ተራ ኤርጎጌና ላምቦሬ የሚሉ የሐዲያና የከምባታ ስሞች መኖራቸው የሰፈራችንን ታሪክ ይነግራል። ጎረቤታችን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ከደቡብ ብዙ ሠራተኞች ወደዚህ ሸለቆ መጥተዋል። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማእከልም በ1961 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከየአውራጃው ሰው ሰብስቧል። «መልካ» በአፋን ኦሮሞ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ በአዋሽ መልካ ያለች ከተማ የብዙ አገር ስም ቢገኝባት አያስደንቅም።

በላይኛው ተራ፣ በእኛ ዕድሜ ባሉት ዘንድ፣ ናኦል፣ ኪያ፣ ሶሬቲ፣ ሲፈን፣ ናትናኤል፣ ዳግም የሚሉ ስሞች ይሰማሉ። ወላጆቻችን ልጃቸውን ሲሰይሙ ያሰቡት እንደ አያቶቻችን የዘርን መብቀል አይደለም። አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው እምነቱን፣ ሌላው የድምፁን ማማር አስቧል። እንግዲህ በጀርመን የስም ብዛት ቦታን የሚያሳይ ከሆነ፣ በእኛ አገር የስም ብዛት የሚያሳየው ጊዜን ነው። «ሁበር» የጥንቱ ገበሬ የት እንደ ነበር ይናገራል፤ «በቀለ» የሚናገረው ግን አንዲት እናት በአንድ ክረምት ምን እንደ ተመኘች ነው።

፬. የአያቴ ነገር

አሁን ወደ ጸሐፊዋ ጥያቄ ልመለስ። አኮ እንደ ነገረችኝ አያቴ ሲወለድ ስሙ ቢቂላ ነበር። ጎልማሳ ሆኖ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሲቀጠር መዝጋቢው ስሙን ጠየቀው። አያቴም «ቢቂላ» አለ። መዝጋቢው ቀና ብሎ ሳያየው «በቀለ» ብሎ ጻፈ። አያቴ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ «ዛሬ ደግሞ በአማርኛ በቀልሁ» ብሎ ሳቀ። አኮ ይህን ስትነግረኝ እርሷም ሳቀች፤ ቆይታ ግን፣ «ደመወዙን በቀለ እየተባለ ተቀበለ፤ ቤቱ የገባው ቢቂላ ሆኖ ነው። በቀለ ብዬ ጠርቼው አላውቅም» አለችኝ።

አባቴ «ስሙ አንድ ነው» ማለቱ በመዝገበ ቃላት ዘንድ ትክክል ነው፤ ሥሩም ትርጉሙም አንድ ነው። ነገር ግን ስም ትርጉም ብቻ አይደለም። ባለቤቱ «አቤት» የሚልበት ድምፅም ጭምር ነው። አያቴን ማንም በክፋት አልበደለው ይሆናል፤ ሆኖም ስሙን ማንም አልጠየቀውም፤ ጠይቆም አልሰማውም። በዚያ ዘመን እንደ እርሱ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ስማቸው የተለወጠባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም እንደ በቀለና ቢቂላ መንታ ስም የማግኘት ዕድል አልነበራቸውም።

የእኔ ወረቀት በመጨረሻ «በቀለ» ተብሎ ወጣ። ጸሐፊዋ እንዳስረዳችን የእኔ ሦስተኛ ስም ከአባቴ ሁለተኛ ስም ጋራ መስማማት አለበት፤ የአባቴ ማስረጃዎች ሁሉ «በቀለ» ስለሚሉ አማራጭ አልነበረም። እኔም አልተከራከርሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አኮ ዘንድ እየሄድሁ የአባቶቼን ስም ወደ ላይ መቁጠር ተማርሁ። አማራው ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ ኦሮሞም አባቶቹን በቃሉ ይቆጥራል። ዛሬ ሰባቱን ሳላቋርጥ እቆጥራለሁ፤ ሁለተኛው ቢቂላ ነው። ወረቀት ሦስት ይይዛል፤ አፍ ሰባት ይይዛል። የቤተ ዘመድ ስም ሕግ በእኛ አገር ያልሠራው ምናልባት ሕዝቡ ሌላ መዝገብ ስለ ነበረው ይሆናል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ያ መዝገብ የሚገኘው በአያቶቻችን ዘንድ ነው፤ አያቶቻችንም እያረጁ ናቸው። በመጪው ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አባቶቻችሁን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሯቸው፤ በደብተራችሁም ጻፉት፤ ስማቸውንም እነርሱ በሚጠሩት ድምፅ ጻፉት። ወላጆቻችንም ስማችንን ለምን እንዳወጣችሁልን ሳንጠይቃችሁ ንገሩን። የአያቴ ስም በልጄ ወረቀት ላይ አይኖርም፤ ልጄ ግን ስሙን ያውቀዋል።