ሌሊቱን የሚቆጥሩ አበቦች

ኦገስት ሊያልቅ ሲል በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ የግሮሰሪ ደጆች በክሪሳንተመም ይሞላሉ። ሻጮቹ በአጭሩ ማም ይሉታል፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሁሉም እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ የተከረከመ። ከእኛም ሰው ብዙው ለእንቁጣጣሽ ሁለት ሦስቱን ገዝቶ ደጃፉ ላይ ያኖራል። ኦክቶበር ሲጋመስ አበባው ይጠወልጋል፣ የመጸው ጌጥም በዚያው ያበቃል።

ጓሮው ግን እስከ ዲሴምበር ድረስ የሚታይ ነገር ሊኖረው ይችል ነበር። ነገሩ ያለው ተክሎቹ በሚመሩበት ሰዓት ላይ ነው። አንዱ የሌሊቱን ርዝመት ይቆጥራል፣ ሌላው ብርዱን ይጠብቃል፣ ሌላው ከደረቀ በኋላም ቆሞ ያምራል። ሦስቱን ዓይነት አንድ ላይ ያልያዘ ጓሮ ቶሎ ይራቆታል።

ዕፅዋት የቀንና የሌሊቱን ርዝመት እንደሚለዩ በሙከራ የታየው እዚሁ አካባቢ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ዛሬ ፔንታጎን ከቆመበት አጠገብ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የአርሊንግተን የሙከራ እርሻ ነበር። እዚያ ሜሪላንድ ማሞዝ የሚባል የትምባሆ ዝርያ ተመራማሪዎቹን አስቸገረ። በሙቀቱ ወራት ሽቅብ እያደገ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ሳያብብ ውርጭ ይመታዋል። በብርዱ ወራት መስታወት ቤት ውስጥ ሲያስገቡት ግን ገና አጭር ሳለ ያብባል። ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ በጁላይ 1918 ትምባሆው ያለባቸውን ዕቃዎች ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጨለማ ጎጆ እያስገቡ፣ ቀኑን በሰው ሠራሽ መንገድ አሳጠሩበት። ትምባሆው በሙቀቱ መሐል አበበ። ውጤቱን በ1920 አሳተሙ። በኋላ በተደረጉ ምርምሮች እንደታወቀው ተክሉ በተለይ የሚቆጥረው ያልተቋረጠውን ጨለማ ነው። ብርሃን መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ፋይቶክሮም የተባለ ፕሮቲንም በ1959 ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ውስጥ ተለይቶ ታወቀ።

ከኢትዮጵያ የመጣ አትክልተኛ ይህን ልብ ሳይል ቢቀር አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ላይ ልዩነቱ አምስት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ክሪሳንተመምም ከእነዚህ ሌሊት ቆጣሪዎች አንዱ ነው። እያበበ ተገዝቶ ሳይሆን በጸደይ ተተክሎ ሥር ከሰደደ፣ በየዓመቱ ሌሊቱ ሲረዝም በራሱ ጊዜ ያብባል፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ መሬት የገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርዱን አያልፍም። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የደጃፍ መብራት ሥር ከተተከለ ደግሞ አበባው ይዘገያል፤ ጨለማው እየተቋረጠበት መቼ ሊቆጥር?

የዛፎቹ ነገር ሌላ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይሰበስባል፣ አረንጓዴው ክሎሮፊልም ይፈርሳል። ቢጫው ካሮቲኖይድ ከመጀመሪያው እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሲገፈፍለት ታየ። ጊንኮ የሚባለው ዛፍ እንዲህ ነው፤ ወርቅ ይመስልና ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ጧት ሁሉንም ያራግፈዋል። ቀዩ አንቶሲያኒን ግን በመጸው አዲስ የሚሠራ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ይሠራል፣ ለዚያውም ብርሃን ይፈልጋል። ሊረግፍ የደረሰ ቅጠል ለምን ይህን ያህል ይደክማል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ቅጠሉ ንጥረ ነገሩን እስኪመልስ ከኃይለኛ ብርሃን የሚከላከልበት ጥላ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። አንድ ቀይ የሜፕል ቅጠል አንስታችሁ ብታዩት፣ ሌላ ቅጠል ተደርቦበት የነበረው ቦታ በቢጫ ቅርጽ ታትሞ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፀሐያማ ቀንና ሳይወርጭ የሚቀዘቅዝ ሌሊት ሲገጣጠሙ ቀዩ ይደምቃል፤ ደመናማ መጸው ሲሆን ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀይ የሚፈልግ ሰው ዛፉን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይትከል። ከዘር የበቀለ ሜፕል ከቢጫ እስከ ቀይ ስለሚለያይ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉን በዓይኑ አይቶ ቢገዛ ይሻለዋል። ቦታ ለጠበበበት ደግሞ ፎዘርጊላ የሚባል፣ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ቁጥቋጦ አለ። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ አንድ ግንድ ላይ ያወጣል። በእኔ ግምት ከማንም ይበልጣል።

ከዛፉ ሥር የሚመጣው ማጣመሩ ነው። ሐምራዊው የኒው ኢንግላንድ አስተርና ቢጫው ጎልደንሮድ በአንድ ወቅት ያብባሉ፤ ሁለቱም የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ቀለማቸው ተቃራኒ በመሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቃል። ወደ ሜክሲኮ የሚሰደዱት የሞናርክ ቢራቢሮዎችም ለመንገዳቸው ስንቅ ከእነርሱ ይቀስማሉ። ጎልደንሮድ ያስነጥሳል እየተባለ በከንቱ ይታማል። የአበባ ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ በነፍሳት እንጂ በነፋስ አይጓዝም፤ የሚያስነጥሰው በዚያው ሰሞን አረንጓዴ፣ ለዓይን እምብዛም የማይታይ አበባ የሚያወጣው ራግዊድ ነው። አስተሩ ከሰው ወገብ ይበልጥና ታችኛው ቅጠሉ ደርቆ ቅልጥሙ ይጋለጣል። ጁን ላይ ግማሹን ቢቆርጡት አጥሮና ቅርንጫፉን አብዝቶ ያብባል። ቅልጥሙን ለመሸፈን ፊት ለፊቱ ሴደም የሚባል ተክል ይተከላል። ሴደም ሮዝ ሆኖ ይጀምራል፣ ወደ ሸክላ ቀለም ይዞራል፣ ቡናማ ሆኖ ይደርቅና በረዶውን ተሸክሞ ይቆማል። ከኋላ ሊትል ብሉስቴም የተባለው ሣር ሲገባ ቅንብሩ ይሟላል፤ ኦክቶበር ላይ መዳብ ይመስላል። የመጸው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ሣሩን ከምትቀመጡበት በስተምዕራብ ትከሉት። ማታ ማታ ብርሃኑ በሣሩ ውስጥ አልፎ ይመጣላችኋል።

እርጥብ ጥግ ያለው ሰው ደግሞ የአደይ አበባን የሥጋ ዘመድ መትከል ይችላል። አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናት። ከዚያው ወገን የሆነ አንድ የአሜሪካ ዝርያ በሴፕቴምበር የቦይና የረግረግ ዳር ቢጫ ያለብሳል። ከሩቅ ያየው ሰው አደይ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ዕድሜው አንድ ዓመት ነው፤ ዘሩ ለመብቀል ብርድ ማግኘት ስለሚያሻው ኖቬምበር ላይ ባዶ መሬት ላይ ይበተናል። ራሱን በራሱ እየዘራ ስለሚስፋፋ ግን ጠባብ መደብ ላይ ባይገባ ይመረጣል።

አበባ ሲደርቅ መቁረጥ ለለመደ ሰው ከባዱ ነገር መተው ነው። የአትክልት ስፍራ ነዳፊዎቹ ዎልፍጋንግ ኦሜና ጄምስ ቫን ስዊደን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ ረጃጅም ሣሮችን በብዛት እየተከሉ፣ ደርቀው እንዲቆሙ አደረጉ። በ2009 የተከፈተውን ሃይ ላይን የተባለውን የኒው ዮርክ መናፈሻ አትክልት የነደፈው ሆላንዳዊው ፒት አውዶልፍም ተክል ሲመርጥ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ጭምር ያያል። ዘሩን ወፎች ይለቅሙታል፣ በባዶው አገዳ ውስጥ ንቦች ይከርሙበታል። ጽዳቱ ማርች ላይ ይደርሳል።

ጎረቤት ቤቱ ባለቤት አጥቷል ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም። ሜሪላንድ ውስጥ በ2021 የወጣ ሕግ የቤት ባለንብረቶች ማኅበራት ነዋሪውን ሣር ብቻ ትከል ብለው እንዳያስገድዱ ከልክሏል። ያም ሆኖ በእግረኛው መንገድ በኩል አንድ ክንድ ያህል ሣር በንጽሕና አጭዶ ጠርዙን ማቅናት ከሕጉ ይልቅ ክርክር ያበርዳል።